ሰይድ ሁኚልኝ ያልከኝ ዕለት

ታዴ፣ የኔ ጌታ፣

እንደምን አለህ ብዬ ልጀምር አልኩና እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት። ለሄደ ሰው ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ማንም አላስተማረኝም። ስለዚህ የእኔን ልንገርህ። ከተለየኸኝ ዓመት ከአንድ ወር ሆነ። የሙት ዓመት ተዝካርህን ባለፈው ወር አውጥተናል። ዝናቡ ያበላሽብናል ብዬ ስፈራ፣ ሰው በልቶ እስኪነሣ ድረስ ታገሠን። እህትህ ከአንኮበር በዚያ ጭቃ መጣች። ሴት ልጃችንም ከአዲስ አበባ መጥታ አንድ ሳምንት ከኔ ጋር ሰነበተች፤ አሁን ወደ ሥራዋ ተመልሳለች፣ በየቀኑ ትደውላለች፣ በላሽ ወይ ብላ ትቆጣጠረኛለች።

ቤቱ እንደነበረ ነው ብልህ ውሸት ይሆንብኛል። የፊት ለፊቱን ክፍል ሱቅ አድርጌዋለሁ። ገበያው አጠገብ የነበረውን ሱቅ ለቅቄ፣ የስፌት መኪናዬን በመስኮቱ ሥር አቁሜ መንገደኛውን እያየሁ እሰፋለሁ። መንገዱ ሊሰፋ ነው ተብሎ አጥሩ ሥር የነበሩት ሁለቱ ባሕር ዛፎች ተቆርጠዋል፤ የደብረ ብርሃን ንፋስ አሁን ያለ ከልካይ ነው የሚገባው። አንተ ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ እሠራዋለሁ ስትል የነበረውን የሚያፈስ ጣሪያ፣ ጓደኛህ ወንድወሰን ከፋብሪካ ሲወጣ ጎራ ብሎ በአንድ ሰዓት ጨረሰው። ነገሩ ያን ያህል ቀላል መሆኑን ባውቅ ኖሮ ያን ሁሉ ጊዜ ባልጨቀጨቅኩህ፣ ራሴው ወጥቼ እሠራው ነበር።

ቡኒ ካፖርትህን የምለብሰው እኔ ነኝ። ትከሻው ወርዶብኛል፣ እጅጌውን ሁለቴ አጥፌዋለሁ። ደንበኞቼ ልብስ ሰፊ ሆና ልኳ ያልሆነ ትለብሳለች ብለው ይስቁብኛል። አንድ ቀን ላሳንሰው ብዬ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። በጠመኔ አሰመርኩ፣ መቀሱንም አነሣሁ። ከዚያ ጠመኔውን አራግፌ መልሼ ለበስኩት።

ግን የምጽፍልህ ስለ ካፖርቱ አይደለም። ስለ ልጁ ነው።

ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው ቢያነበው ግራ እንዳይገባው ትንሽ ላስረዳ፤ አንተም ላላወቀ ሰው ማስረዳት ትወድ ነበር፣ እንግዳው ሰዓቱን ማየት እስኪጀምር ድረስ። ልጁ የምንለው እንግሊዝ አገር ኳስ የሚጫወት፣ እኛን በስምም በመልክም የማያውቅ ጎረምሳ ነው። እናንተ ስምንት ጓደኛሞች ከዚያ አገር ተጫዋቾች የየራሳችሁን ቡድን ትሠራላችሁ፤ ተጫዋቹ እዚያ ጎል ሲያገባ እዚህ ለናንተ ነጥብ ይቆጠራል። ፋንታሲ የሚሉትን ይህን ጨዋታ አገሩ ሁሉ ይጫወተዋል። የሌላው ሰው ግን በየዓመቱ ፈርሶ እንደ አዲስ ሲጀመር፣ የናንተ አይፈርስም። አንዴ የመረጥከው ተጫዋች ጫማ እስኪሰቅል ድረስ ያንተ ነው። ከእጅህ የሚወጣው ከሌላው ሰው ጋር ተደራድረህ በሌላ ተጫዋች ስትለውጠው ብቻ ነው። አዲስ የመጡትን ተጫዋቾች ደግሞ በየዓመቱ በየተራ ትመርጣላችሁ፤ የመጀመሪያ ምርጫ ያለው ከሁሉ ቀድሞ ይወስዳል። ሥርወ መንግሥት ሊግ ብለህ ስም ያወጣህለት አንተ ነህ። የአንኮበር ተወላጅ በመሆንህ፣ ስለ ሥርወ መንግሥት ከአንተ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስልህም ነበር።

ሥርወ መንግሥትህ ግን ሁልጊዜ ጅራት ነበር። ሕጋችሁ መጨረሻ የወጣው ሰው ከጣርማ በር በግ ገዝቶ አንደኛ የወጣው ሰው ቤት ድረስ እንዲወስድ ያዛል፤ በስድስት ዓመት ውስጥ አራቱን በግ የወሰድከው አንተ ነህ። ለምን ቢባል፣ የበሰለውን ትሰጥና ጥሬውን ትቀበላለህ። ጎል የሚያገባውን ሰጥተህ ገና ጢም ያላበቀለውን ታመጣለህ፤ ከዚያ ሦስት ዓመት ቆዩኝ ትላለህ። ልጁን የመረጥከው በአሥራ ሰባት ዓመቱ፣ ያውም ጉልበቱ ተጎድቶ በክራንች ሲሄድ ነበር። ሰባቱም ሳቁብህ። አንተ ግን ቤት መጥተህ፣ ገና ካፖርትህን ሳታወልቅ፣ ፅጌ፣ ይሄ ልጅ ሃያ ሁለት ሲሞላው እኛ ቤት በግ ይመጣል አልከኝ። እኔም እስከዚያ የምንበላው ሽሮ ይበቃናል ብዬ መለስኩልህ።

ድርድር ላይ ግን ማንም አይችልህም ነበር። ከአባትህ ጋር አንኮበር ገበያ በግ ስትገዙ የተማርከውን ሁሉ ወደ ኳስ አመጣኸው። የፈለግከውን ታጣጥለዋለህ፤ የማትፈልገውን ታሞግሰዋለህ። ከሁሉ በፊት የሰውየውን እናት ጤና ትጠይቃለህ። አንድ ሰው ተጫዋች እንለዋወጥ ብሎ ጥያቄ ሲያቀርብልህ ወዲያው አትመልስም። መምህር አሰፋ በየሰው ጥያቄ ላይ ወር ሙሉ ስለሚተኛ፣ በሦስት ቀን ውስጥ ያልመለሰ ሰው እንደተስማማ ይቆጠር የሚለውን ሕግ ያወጣኸው አንተ ነህ፤ ስልካችሁ ላይ ያለው ፕሮግራም ራሱ ተጫዋቹን እንዲያስተላልፍ ያደረግኸውም አንተ ነህ። ከዚያ በኋላ ግን በራስህ ሕግ ስትጫወት ኖርክ። መልስህ የሚመጣው በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ሰዎቹ እስከዚያ ይንጨረጨራሉ። አንተ ሻይህን ይዘህ ትስቃለህ።

ከሁሉም የሚናፍቀኝ ልምምዱ ነው። ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትመለስ በርጩማውን ስበህ ከመኪናዬ አጠገብ ትቀመጥና፣ ፅጌ፣ ዛሬ ወንድወሰን ሁኚልኝ ትለኛለህ። ዛሬ አሰፋ ሁኚልኝ። እኔ እየሰፋሁ ወንድወሰንን እሆናለሁ፣ አሰፋን እሆናለሁ፣ እንደ እነሱ እከራከርሃለሁ። ከሁሉም የሚቀናኝ ሰይድን መሆን ነበር። ሰይድን ታውቀዋለህ፣ ከአልዩ አምባ በርበሬና ሎሚ እያመጣ የሚነግድ ሰው ነው፤ ድርድር ለእሱ እንጀራው ነው። እኔ ሰይድን ስሆን ወላሂ አይሆንም ብዬ ጨርቁን እጥልና ተነሥቼ ልሄድ እላለሁ። አንተ ቀሚሴን ይዘህ ቁጭ በይ፣ እንነጋገር ትላለህ። ስንት ጊዜ አሸነፍኩህ። ነገ ደግሞ እውነተኛውን ሰይድ አግኝተህ ታሸንፈውና ማታ እየሳቅህ ትገባለህ። ኳሱ ግድ ሰጥቶኝ አያውቅም፤ ያን ሰዓት ግን እጠብቀው ነበር፣ ቀጥ ያለ ስፌት ለዚያ ሰዓት አስቀርቼ አቆይ ነበር፣ እጄ ሳያስብ እንዲሠራ።

አሁን ወደሚከብደኝ ልምጣ።

ሐምሌ ገብቶ ነበር። ሰይድ ስለ ልጁ ጥያቄ ላከልህ፤ ሁለት ጥሩ ጥሩ ተጫዋቾችና የሚቀጥለውን ዓመት የመጀመሪያ ምርጫውን እሰጥሃለሁ አለ። እስከዚያ ቀን ከቀረበልህ ሁሉ የሚበልጥ ነበር። በስልክ የምትጻጻፉበት ግሩፕ ላይ ሁሉም ይቀበላል፣ አይቀበልም እያሉ ይከራከሩ ነበር፤ አንተ ግን እንደ ልማድህ ዝም አልክ። በማግሥቱ፣ ማለትም በሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ ፊትህን ታጥበህ ሱቄ መጣህ፣ በርጩማውን ሳብክ። ሰይድ ሁኚልኝ አልከኝ።

የተመራቂዎች ልብስ ተደራርቦብኝ ነበር። አሥራ ሁለት ሱሪ ጫፉ ያልታጠፈ፣ ልጆቹ ከሰዓት በኋላ ሊወስዱ የሚመጡ። ቀና ብዬ እንኳ አላየሁህም። ነገ እሆንልሃለሁ፣ ዛሬ ሥራ አለብኝ አልኩህ። እሺ አልከኝ። በርጩማውን ወደ ቦታው መለስከው። ካፖርትህን ብርድ የለም ብለህ ትተኸው ወጣህ። ከሁለት ሰዓት በኋላ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ወደቀ ተባልኩ፤ ልቡ ነው ተባልኩ። ስደርስ አልፈሃል።

ታዴ፣ ያን ሰዓት ስንት ጊዜ መልሼ እንደኖርኩት ብነግርህ ታዝንልኛለህ። ሱሪው ቢቆይ ምን ይሆን ነበር? ልጆቹ ቢቆጡስ? ግማሽ ሰዓት ሰይድን ብሆንልህ ኖሮ፣ ሌላው ሁሉ ቢቀር፣ በሦስተኛው ቀን ልትመልስ ያሰብከውን አውቀው ነበር። ልትሰጠው ነበር ወይስ አይደለም? ይህን አለማወቄ ትንሽ ነገር ይመስላል። ለእኔ ግን ካንተ የመጨረሻው ሐሳብ እሱ ነው፤ ልትነግረኝ መጥተህ ነገ ብዬ መለስኩህ።

በማግሥቱ፣ የሰይድ ጥያቄ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ቀበርንህ። ድንኳኑን ከተከሉት አንዱ ሰይድ ነበር። ጸሎቱ እስኪያልቅ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ በዝናብ ቆሞ ጠበቀን፤ ከዚያ ከእኛው ጋር ተመለሰ፣ ውኃ ቀዳ፣ አግዳሚ ወንበር ተሸከመ። ስልክህ ከሱሪህ ኪስ ወጥቶ ቁምሣጥን ውስጥ ነበር። ፀሐይ ጠለቀች። ሕግህ ሕግ ነውና ልጁ ወደ ሰይድ፣ የሰይድም ሁለት ተጫዋቾችና ምርጫው ወደ አንተ ተሻገሩ። ማሽን ለቅሶ አያውቅም። ሰይድ ራሱ ጥያቄ መላኩን በዚያ ቀን ረስቶት ነበር፤ እኛም ማንኛችንም አላሰብነውም።

ነገሩ የታወቀው አርባህ በወጣ በሳምንቱ፣ አዲሱ የውድድር ዓመት ሲጀመር ነው። ሰይድ አንድ ፌስታል ሎሚ ይዞ መጣና በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ግባ ብለው አይገባም። እህቴ፣ አላህ ያጽናሽ፣ ወላሂ በእጄ አልነካሁትም፣ እኔ ድንኳን ስተክል ነው የገባልኝ አለኝ። ምን እንደሚያወራ እስኪገባኝ ድረስ ብዙ ቆየሁ። ሌሎቹም ተስማምተዋል፣ ልጁ በነፃ ይመለስ ብለዋል፣ ቡድኑም በታዴ ስም ይቀመጥ ብለዋል አለኝ።

እንዲህ ሲለኝ ምን ትዝ እንዳለኝ ታውቃለህ? አባትህ የሞቱ ጊዜ መምህር አሰፋ አዝኖልህ ጥሩ አጥቂውን በማይረባ ተከላካይ ለወጠልህ። አንተ ሐዘን ቤት ተቀምጠህ ሳለ ነገሩን ስትሰማ ተቆጣህ፤ ለአባቴ ማልቀስ ከፈለገ ያልቅስ፣ በአጥቂ አያልቅስልኝ ብለህ መለስክለት። ሁለት ሳምንት ተኳረፋችሁ። እኔም ሰይድን በነፃ አልቀበልም አልኩት። ልጁን እፈልገዋለሁ፣ ግን ተደራደረኝ አልኩት።

ሊያብድ ምንም አልቀረው። መጀመሪያ ቁጭ ብሎ የምጠይቀውን ሁሉ እሺ ይለኝ ጀመር። የማይረባውን በረኛ ስሰጠው እሺ፣ ሌላም ጨምርልኝ ስለው እሺ። አሁን ስጽፍልህ ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ ግን አናደደኝ። ሰይድ፣ አንተ ገበያ ላይ እንዲህ ብታደርግ ኖሮ ልጆችህ ጦማቸውን ያድሩ ነበር፣ ወይ ተከራከረኝ ወይ ሎሚህን ይዘህ ሂድ አልኩት። ተነሥቶ ሄደ። ሎሚውን ግን ተወልኝ።

በማግሥቱ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። በርጩማህን ስቦ ተቀመጠ፤ ካንተ ወዲህ ማንም ያልተቀመጠበት በርጩማ ነበር። እንግዲያው አለኝ፣ ልጁን ከፈለግሽ ሽማግሌውን አምጪ፣ በዚያ ላይ የሚመጣውን ዓመት የመጀመሪያ ምርጫሽን ጨምሪ። ሽማግሌው ያንተ የሠላሳ አራት ዓመቱ አጥቂ ነው፤ ዕድሜው ቢገፋም ጎል ያገባል። እኔም የእናቱን ጤና ጠየቅኩ። ጉልበታቸው እንዴት ሆነ አልኩ። ከዚያ ልጁን ማጣጣል ጀመርኩ፤ ጉልበቱ ያው የድሮው ነው፣ በዝናብ አይጫወትም፣ አሰልጣኙም ሊያባርረው ነው። ሰይድ ወላሂ አይሆንም ብሎ ተነሣ። ልክ እኔ እንደማደርገው፣ ያን የኔን ጨዋታ። ሊስቅ ይሁን ሊያለቅስ አላወቀም፣ እኔም አላወቅኩም። ለስንት ዓመት እሱን ሆኜልህ ኖሬ፣ አሁን እሱ ራሱን ሆኖ ፊቴ ቆመ። አንተን የሚሆን ሰው ጠፋ። እኔ ሆንኩ። ቀሚሴን እንደምትይዘው የሰይድን ኮት ጫፍ ያዝኩና ቁጭ በል፣ እንነጋገር አልኩት።

ከዚያ ዝም አልኩ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። ግሩፑ ላይ ወንድወሰን ምን ሆነች እያለ ይጽፋል። በሦስተኛው ቀን ፀሐይዋ ከወፍጮ ቤቱ ጣሪያ በላይ ጣት ስትቀራት ስልክህን አንሥቼ መለስኩለት። ሽማግሌውን ውሰድ፣ የመጀመሪያ ምርጫዬን ግን ለእኔ ተውልኝ። ሰይድ እሺ አለ። ኋላ እንደነገረኝ ገበያ መሐል ሆኖ ነው ያነበበው፤ የበርበሬ ጆንያው ላይ ተቀምጦ፣ ይሄ የታዴ መልስ ነው እያለ ለብቻው አነባ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ ማሳያ ቤት መሄድ ጀመርኩ። ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ካፖርትህን ለብሼ ከሰይድና ከወንድወሰን መሐል እቀመጣለሁ፤ አሰፋ ለውዝ ይገዛልኛል። ልጁ ኳስ ሲነካ ግን ሁሉም እኔን ያየኛል። ዘንድሮ ሃያ ሁለት ሞላው። የተጎዳውን ጉልበቱን ስታየው የተጎዳ አይመስልም። ካንተ ጋር ቀጠሮ ያለው ይመስል ያገባል። ሲያገባ ቤቱ ይጮኻል፣ እኔ እጄን ካፖርትህ ኪስ ውስጥ እከታለሁ። ደስታውን የምነግረው ሰው ከጎኔ እንደሌለ ረስቼ ስንት ጊዜ ዞሬያለሁ።

ግንቦት ላይ አንደኛ ወጣን ታዴ። መጨረሻ የወጣው አሰፋ ነው። ከጣርማ በር በጉን ይዞ መጣ፤ ባጃጅ ውስጥ አጠገቡ አስቀምጦት፣ ሁለቱም በብርድ ተኮማትረው። አሰፋ በትሕትና አንገቱን ደፍቶ በጉን እጄ ላይ ሲያስረክበኝ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ያያል። ከዚህ በር አራት ጊዜ በግ ሲወጣ አይቻለሁ፤ ሲገባ ግን የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። ሽሮዬን ትተህ የሄድክበትን ቀን በዚያች ሰዓት ረገምኩት። በጉን አጥሩ ላይ አሰርኩትና ጓዳ ገብቼ እስኪበቃኝ አለቀስኩ። ከዚያ ወጥቼ ሰባቱንም ጋበዝኳቸው። ሰይድ እስላም ነውና እኛ ያረድነውን አይበላም፣ የእሱን ዶሮ ራሱ አረደ፤ ለየብቻ ታረደ፣ ለየብቻ ተበላ፣ ሳቁ ግን አንድ ላይ ነበር።

አሁን ደግሞ ነሐሴ ነው። ትናንት ሰይድ አዲስ ጥያቄ አቀረበ። ለልጁ ሦስት ገና ለጋ ተጫዋቾችና የሁለት ዓመት የመጀመሪያ ምርጫ እሰጣለሁ ይላል። ባንተ ዓይን ካየሁት ግሩም ነው፤ የበሰለውን ሰጥቶ ጥሬውን መቀበል፣ ሦስት ዓመት ቆዩኝ ማለት። ወንድወሰን ታዴ ቢሆን ልጁን በፍጹም አይሰጥም ይላል። አሰፋ ደግሞ ታዴ ገበያው ሲወደድ ነው የሚሰጠው፣ ያን ጊዜም ሊቀበል ነበር፣ አንድ ሌላ ተጫዋች ይጨመርልኝ ሊል ነው የዘገየው ይላል። ሰይድን ጠየቅኩት። እኔም ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ እህቴ፣ አላውቅም አለኝ። ስልክህን እንደገና ፈተሽኩት፤ የጀመርከው ጽሑፍ፣ የተውከው ምልክት አለ ወይ ብዬ። ምንም የለም። አንተ መልስህን አፍህ ውስጥ ይዘህ ሄድክ፣ እኔ ደግሞ ነገ አልኩህ።

ስለዚህ አሰብኩ። ጥያቄ ስትጽፊ፣ ሰውየው ዝም ቢል አንቺ የምትፈልጊው እንዲሆን አድርገሽ ጻፊው ብለህ ያስተማርከኝ አንተው ነህ። ሕጉንም ያወጣኸው አንተ ነህ። ዛሬ ረቡዕ ነው። ጥያቄዬ ይኸውልህ።

ልጁን ለሰይድም ለማንም አልሰጥም፤ ጫማ እስኪሰቅል ድረስ በአንተ ስም ይጫወታል። ካፖርትህን አላሳንሰውም። በዚያን ቀን ጠዋት ነገ ያልኩህን ይቅር ብለኸኛል። እስካለሁ ድረስ አልረሳህም፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ እጄ ኪስህ ውስጥ ይሆናል። በዚህ የማትስማማ ከሆነ እስከ ዓርብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ጊዜ አለህ።

በርጩማህን ወደ መኪናው አስጠግቼዋለሁ። ዛሬ የሚሰፋ ልብስ የለብኝም። ሰይድ እሆንልሃለሁ።

ፅጌ